ከአጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ፤ ስለ አነስተኛ የሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ ሊግ አመሠራረት በገዋኔ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




መንገድ፣ ግድብ ወይም የመስኖ ቦይ በሚሠራበት ሩቅ ስፍራ ሁሉ የሠራተኞች ካምፕ አለ። በካምፑም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የኳስ መጫወቻ አይጠፋም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀያሹ፣ መካኒኩና የቢሮ ሠራተኛው ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ከሽቦው አጥር ማዶ ደግሞ የአካባቢው ልጆች ጣታቸውን በሽቦው ቀዳዳ አስገብተው ቆመው ይመለከታሉ። ኳሷ አጥሩን ዘላ የወጣች እንደ ሆነ ሮጠው አምጥተው ያቀብላሉ፤ ከዚህ ያለፈ ድርሻ ግን የላቸውም። ሥራው ተፈጽሞ ካምፑ በሚነሣበት ቀን የቅርጫቱ ብረት ከቤቱ ቆርቆሮ ጋር አብሮ ተነቅሎ በመኪና ይጫናል። ለልጆቹ የሚቀርላቸው የምሰሶው ጉድጓድ ብቻ ነው።

የዛሬው ንግግር መነሻ ይህ ጉድጓድ ነው። ጥያቄውም የሚከተለው ነው፤ አንድ መሐንዲስ በሥራ ምክንያት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ በሚቆይበት፣ እንደ ገዋኔ ባለ ቆላማ የመንገድ ዳር ከተማ፣ እርሱ ከሄደ በኋላም የማይፈርስ አነስተኛ የቅርጫት ኳስ ሊግ ሊቋቋም የሚችለው እንዴት ነው? መልሱ በአጭሩ ሲነገር፣ ሊግ ማለት በመሠረቱ ሜዳም ኳስም አይደለም፤ ሊግ ማለት ሕግ ነው። ሕጉም ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚሸከሙት፣ ራሳቸው የሚዳኙበትና ሲጠባቸው ራሳቸው የሚያሰፉት ካልሆነ በስተቀር፣ ምሰሶው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሊጉ አይጸናም።

አንዳንድ ሰዎች የቅርጫት ኳስን ሕግ መለወጥ ጨዋታውን ማበላሸት መስሎ ይታያቸዋል። ታሪኩ ግን ይህን አያስረዳም። በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1891) በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ፣ ብርዱና በረዶው ከቤት አላስወጣ ላላቸው 18 ተማሪዎች የሚሆን ጨዋታ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲያገኝ ታዘዘ። አዳራሹ ጠባብ ስለ ነበረ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ። ግፊያና ጠለፋ እንዳይበዛ ሲል ግቡን ከሰው ራስ በላይ አደረገው። ለግብነት ያገኘው ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫት ነበር፤ እነዚህንም በአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸነከራቸው። የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ ነበርና እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም ቅርጫት ሁሉ በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል። ይህ ልክ ከጥናት የተገኘ አይደለም፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በአጋጣሚ ከነበረ ሰገነት የተወሰደ ነው። ኔይስሚዝ የጻፋቸው ሕጎችም 13 ብቻ ነበሩ።

ከዚያም በኋላ ጨዋታው በየደረሰበት እየተሰፋ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሴንዳ ቤረንሰን በስሚዝ ኮሌጅ ለሴት ተማሪዎቿ ሜዳውን በሦስት ክፍል ከፋፍላ አዲስ ሕግ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ1902 በአምስተርዳም ኒኮ ብሩክሃይሰን የተባለ መምህር ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቡድን የሚሰለፉበትን ኮርፍቦል አስጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አካለ ስንኩል የሆኑ ወታደሮች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው መጫወት ጀመሩ። ለሕፃናትም ቅርጫቱ ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ ተደርጎ ኳሱ አነስ ያለ ሚኒ ባስኬት ተፈጠረ። ከእነዚህ ሁሉ ጨዋታውን ያጠፋ የለም፤ ሁሉም አስፋፋው።

ለመሐንዲስ ጆሮ ይበልጥ የሚጥመው ግን የ24 ሴኮንዱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን የተባለው ቡድን ሚኒያፖሊስን 19 ለ18 አሸነፈ። የነጥቡ ማነስ ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ኳሱን የያዘ ቡድን ሳይጥል እያቀባበለ ሰዓቱን ለመግደል የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ተመልካቹ ተሰላቸ፤ ገቢው ጎደለ። የሲራኪውስ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶን እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው መፍትሔ አንዲት የማካፈል ስሌት ናት። ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2880 ሴኮንድ ነው። ደስ በሚል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ይጥላሉ። 2880 ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ስለዚህ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ እንዲጥል ተደነገገ። በዚያው የውድድር ዘመን የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79 ወደ 93 ከፍ አለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ሕግ ማለት የቅዱሳን ቃል ሳይሆን የተለካና የተሰላ መሣሪያ መሆኑ ነው። ችግሩ በትክክል ከታወቀ አንዲት ቁጥር ብዙ ትሠራለች።

የሦስት ለሦስት ጨዋታም እንዲሁ ከመንደርና ከጎዳና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በሲንጋፖር በተደረገው የወጣቶች ኦሎምፒክ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ደግሞ በዋናው ኦሎምፒክ በወንድም በሴትም ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ተደረገበት። ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ ቅርጫት፣ በግማሽ ሜዳ፣ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተቀያሪ አለው። ጨዋታው 10 ደቂቃ ነው፤ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ ያስቆጠረ ያሸንፋል። ከቅስቱ ውስጥ የገባ አንድ፣ ከቅስቱ ውጭ የገባ ሁለት ነጥብ ይቆጠራል። ለመጣል የሚፈቀደው ጊዜ 12 ሴኮንድ ነው። ኳስ የቀማ ቡድን አስቀድሞ ከቅስቱ ውጭ ማውጣት አለበት። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አሠልጣኝ ከሜዳው ዳር ሆኖ እንዲያዝ አለመፈቀዱ ነው፤ ተጫዋቾቹ የሚወስኑት እርስ በርሳቸው ተመካክረው ነው። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለገዋኔ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱ ወደፊት ይገለጣል።

ትንሽ ሆኖ መጀመርም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በእግር ኳስ ደግሞ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሊግ በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከዚህም ይበልጥ የሚያስገርመው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ሦስት አገሮች ብቻ ተገኙ፤ እነርሱም ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ነበሩ። የተደረጉትም ጨዋታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። እነ ይድነቃቸው ተሰማ ያቋቋሙት ያ ማኅበር ዛሬ የት እንደ ደረሰ ማንም ያውቀዋል። ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው ብለው ቢተዉት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልኖረ ነበር።

ከአዲስ አበባው ሊግ ሌላም ትምህርት ይገኛል። ቡድኖቹ በከተማው የነበሩትን ማኅበረሰቦች ይወክሉ ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች ቡድን ነበር። ለአዲስ አበባ ይህ አሰላለፍ የውድድር ስሜት ሰጠው። በሌላ አካባቢ ግን እንዲህ ያለው አሰላለፍ የቆየ ቁርሾን ወደ ሜዳ ይዞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም የሊግ መሥራች አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ «በዚህ ስፍራ ሰዎች የሚለያዩት በምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ወደ ገዋኔ ያደርሳል። ገዋኔ በአፋር ክልል በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአንድ ወገን የአያሉ ተራራ ይታያል፤ በሌላው ወገን አዋሽ ወንዝ ተንጣልሎ ረግረግ ይሠራል። ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ያልፍባታል፤ የከባድ መኪና ድምፅ ሌሊትም አያቋርጥባትም። በከተማዋ አፋሩ አርብቶ አደር፣ ከደጋ የመጣው ነጋዴ፣ ሾፌሩና ረዳቱ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የግብርና ኮሌጁ ተማሪ ሁሉ ይገኛሉ። በአካባቢው በግጦሽና በውሃ፣ በወሰንም ምክንያት ሕይወት የጠፋበት ግጭት በተደጋጋሚ ደርሷል። እንግዲህ ወጣቶች በጎሣ ወይም በሠፈር ተቧድነው የሚፋለሙበት ሊግ በዚህ ስፍራ ቢቋቋም ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ሌላው መረሳት የማይገባው ነገር፣ ኳስ ለአፋር እንግዳ ዕቃ አለመሆኑ ነው። የአፋር ወጣቶች ኮዕሶ የሚባል የቆየ ባህላዊ የኳስ ጨዋታ አላቸው። ኳሱ ከቆዳ ይሠራል፤ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ የያዘው ላለመነጠቅ ይሮጣል፣ ሌላው ለመንጠቅ ይከተለዋል። መሮጥ፣ መዝለል፣ ማቀበል፣ መንጠቅ ሁሉ በውስጡ አለ፤ የሌለው ቅርጫቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ወደ ከተማይቱ ሲገባ «ኳስ ላስተምራችሁ» ብሎ ሳይሆን «ኳሳችሁን አሳዩኝ» ብሎ ቢገባ መንገዱ ይቀናለታል።

ከውጭ የሚመጣ ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ቁጥጥር ሲገባ ምን እንደሚያስከትል የአዋሽ ሸለቆ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ወደ አካባቢው የገባው ከአርባ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ በፊት ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ነው። ሐሳቡ በጎ ነበር። ዛፉ ግን ከተተከለበት ወጥቶ የግጦሹን መሬት ወረረው፤ እሾሁ የከብቱን ሰኮና ይወጋል፣ የመኪና ጎማ ይበሳል። አርብቶ አደሩ ስለ ዛፉ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሊግም እንደ ዛፍ ነው፤ ተካዩ ይሄዳል፤ ከተተከለው ነገር ጋር የሚኖረው ግን ባለ አገሩ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው ሥራ እንለፍ። ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 420 ካሬ ሜትር ነው። የሦስት ለሦስቱ ሜዳ 15 በ11 ሜትር ስለ ሆነ 165 ካሬ ሜትር ብቻ ይፈልጋል። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮንክሪት ቢነጠፍ ሙሉው ሜዳ 42 ሜትር ኩብ፣ ትንሹ 16.5 ሜትር ኩብ ይወስዳል። በሜትር ኩብ 3 ኩንታል ሲሚንቶ ቢታሰብ የመጀመሪያው 126 ኩንታል፣ ሁለተኛው 50 ኩንታል ያህል መሆኑ ነው። የቅርጫትና የምሰሶ ወጪም በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ሦስት ለሦስትን መምረጥ የፋሽን ጉዳይ አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዓመት ኮንክሪት ጨርሶ ባይፈስ ይሻላል። በወንዙ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በችኮላ የተነጠፈን ኮንክሪት በአንድ የዝናብ ወቅት ሊያነሣውና ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ከጎርፍ መንገድ ራቅ ያለና ከፍ ያለ ስፍራ ተመርጦ፣ የላይኛው ጥቁር አፈር ተዝቆ፣ በምትኩ ጥሩ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ ሊጠቀጠቅ ይገባል። ወደ አንድ ወገን በ100 ሜትር አንድ ሜትር ያህል ተዳፋት ቢሰጠው ውሃ አያቁርም። በዚህ ላይ አንድ ዓመት ከተጫወቱ በኋላ የቱ ስፍራ እንደሚሰምጥ ራሱ ሜዳው ይናገራል፤ ኮንክሪቱ ከዚያ ወዲህ ቢመጣ ይደርሳል። የሜዳው ርዝመት ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢዘረጋ የማታዋ ፀሐይ የጣዩን ዐይን አትወጋም። ሜዳውም በየቀኑ ከጨዋታ በፊት ከእሾህ መጠረግ አለበት፤ ይህን ያላደረገ ኳስም እግርም ይከስራል።

ምሰሶውና ቅርጫቱ በከተማው በያጅ እጅ ሊሠሩ ይችላሉ። የቅርጫቱ ቀለበት የውስጥ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል ብረት ቢመረጥ ለቀለበቱ 1 ሜትር ከ46 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ብረቱ ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ባለ ጥርሱ ፌሮ ጣት ይልጣል። ሰሌዳው 1.80 በ1.05 ሜትር ሲሆን የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 2.90 ሜትር ላይ ይውላል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዳስታወሰው ይህ ሸለቆ የስምጥ ሸለቆ ወለል ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳው ቀላል፣ መሠረቱ ከባድ መሆን አለበት። ሒሳቡ ረጅም አይደለም። 80 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከምሰሶው 2 ሜትር ርቆ ቀለበቱ ላይ ቢንጠለጠል ምሰሶውን በ160 ኪሎ ግራም ሜትር ይገለብጠዋል፤ ዘሎ ስለሚይዘው እጥፉን እንኳ ቢያደርጉት 320 ይሆናል። በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የኮንክሪት መሠረት 2.4 ቶን ስለሚመዝን ግልበጣውን በ1200 ያህል ይመክታል፤ የክንዱና የሰሌዳው ክብደት ተጨምሮም በቂ ትርፍ ይቀራል። ምሰሶው ከሜዳው መስመር ውጭ ተተክሎ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ይጠቀለል፤ ሮጦ የሚመጣ ልጅ ግንባሩን እንዳይመታበት ነው። ለኳስ መንፊያ የሚሆን አየር በመንገድ ዳር ከተማ አይጠፋም፤ ጎሚስታው ጋ አለ። ዋናው ቁም ነገር፣ የሚሰበረው ሁሉ እዚያው በከተማው ሊጠገን የሚችል መሆኑ ነው። ከውጭ የመጣ፣ መለዋወጫ የሌለው መስተዋት ሰሌዳ በተሰበረ ቀን ሊጉ አብሮት ይሰበራል።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ ዓለም አቀፉ ሕግ እንዳለ ተወስዶ ለአካባቢው የሚሆኑ ጥቂት ማሻሻያዎች ሊደረጉበት ይገባል። የመጀመሪያው ስለ ሙቀት ነው። በሞቃቱ ወራት የገዋኔ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ጨዋታ የሚጀመረው ከዐስር ሶላት በኋላ ሆኖ መግሪብ ሳይደርስ ይጠናቀቃል፤ በረመዳን ደግሞ ጊዜው ከአገር ሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመክሮ ይወሰናል። በየጨዋታው አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሰዓት ቆሞ ሁሉም ውሃ ይጠጣል። ይህ እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ ሕግ መጻፍ አለበት፤ ወጣት ልጅ በገዛ ፈቃዱ ጠምቶኛል ብሎ አይወጣምና።

ሁለተኛው ስለ ሰዓትና ስለ ዳኝነት ነው። የ12 ሴኮንዱ የኤሌክትሪክ ሰዓት አይገኝም፤ ቢገኝም መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በእርሱ ምትክ ተራውን የሚጠብቀው ቡድን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ በአፋርኛም ይሁን በአማርኛ። ዳኞቹም ነጥብ መዝጋቢውም ከዚያው ተራ ጠባቂ ቡድን ይመደባሉ። ዛሬ በሰው ላይ የሚፈርድ ነገ ይፈረድበታልና ዳኝነትን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። ዳኛ ያላቀረበ ቡድን ከሠንጠረዡ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ስለ ቡድን አሰላለፍ ነው። ከአራቱ የቡድን አባላት ከሁለት በላይ የሚሆኑት ከአንድ ጎሣ፣ ከአንድ ሠፈር ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት መሆን አይችሉም። ይህ ድንጋጌ በጽሑፍ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። አባት ልጁን ከባላንጣው ልጅ ጋር ተሰልፎ ሲያይ ምን ይላል? ወጣቱስ ጓደኛው ባልሆነ ሰው ላይ ኳስ ለመጣል ይደፍራል? አሠልጣኝ ከዳር ሆኖ አለማዘዙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አራቱ ሰዎች ማንም በማይገባበት ሁኔታ እርስ በርሳቸው ካልተነጋገሩ አይረቱም። በ10 ደቂቃ ጨዋታ እርቅ ይወርዳል ማለት አይደለም፤ ጨዋታ የሽማግሌን ሥራ አይሠራም። ነገር ግን የማይነጋገሩ ሰዎች ለመነጋገር የሚገደዱበት አንድ ስፍራ መኖሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የአፋር ሕዝብ ለዚህ ሁሉ የሚሆን የራሱ ሥርዓት አለው። ፊኢማ የሚባለው የእኩዮች ማኅበር በአንድ የዕድሜ ክልል የሚገኙትን ያሰባስባል፤ መሪ አለው፤ ያጠፋውን ይቀጣል፤ ሥራንም በኅብረት ያሠራል። ለሊጉ አዲስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከመፍጠር ይልቅ ጥፋተኛ ተጫዋች በእኩዮቹ ሥርዓት እንዲዳኝ ማድረግ የተሻለ ነው፤ ቅጣቱም ሜዳ መጥረግ ወይም ውሃ ማመላለስ ሊሆን ይችላል። ዜናውንም ዳጉ ያደርሰዋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰላም በጥንቃቄ ይለዋወጣሉ፤ በዳጉ ሐሰት ማውራት ነውር ነው። የጨዋታው ቀንና ውጤት ከዚህ ዜና ጋር አብሮ ከተጓዘ ማስታወቂያ መለጠፍ አያስፈልግም። ሕጉም አጭር ሆኖ በአፍ ሊነገር የሚችል መሆን ያለበት ስለዚህ ነው። በዳጉ ሊተላለፍ የማይችል ሕግ ለገዋኔ ረጅም ነው ማለት ነው።

የሴት ልጆችም ነገር ከመጀመሪያው ዓመት መታሰብ አለበት፤ «በኋላ ይታሰብበታል» የተባለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይታሰብበትም። የራሳቸው ቀን፣ የራሳቸው አምበሎችና የራሳቸው ዳኞች ይኑሯቸው፤ እናቶቻቸውም አስቀድመው ይማከሩ። ስለ አለባበስ የሚነሣ ክርክር ቢኖር ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2017 የራስ መሸፈኛን ፈቅዷልና ሕጉ አያግዳቸውም።

ስለ ውድድሩ አደረጃጀት ብዙ መናገር አያስፈልግም። በስድስት ቡድን ቢጀመር ተጫዋቾቹ 24 ይሆናሉ። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ ሲገናኝ 15 ጨዋታ ነው። በአንድ ቀን ሦስት ጨዋታ ቢደረግ ስድስቱም ቡድኖች ይጫወታሉ፤ አንዱ ጨዋታ ከነመቋረጡ 20 ደቂቃ ቢወስድ ሁሉም በአንድ ሰዓት ያልቃል። በሳምንት አንድ ቀን ከተጫወቱ የመጀመሪያው ዙር በአምስት ሳምንት፣ ሁለቱ ዙር በዐሥር ሳምንት ይፈጸማል። ማልያ ለየቡድኑ መግዛት አያስፈልግም፤ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ሁለት ቡድኖች ብቻ ስለ ሆኑ አራት ነጭና አራት ቀይ ሰደርያ ለመላው ሊግ ይበቃል። ሠንጠረዡ በአንድ ደብተር ተጽፎ በግድግዳ ላይ በኖራ ይገለበጣል። በውድድሩ መካከል ሕግ አይለወጥም፤ ውድድሩ ሲያልቅ ግን አምበሎቹ ተሰብስበው የትኛው እንደ ጠበበ፣ የትኛው እንደ ሰፋ ተነጋግረው በድምፅ ብልጫ ያሻሽሉታል። ጀማሪው በዚህ ስብሰባ ድምፅ የለውም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለብዙ ጀማሪዎች ይከብዳል። በየአገሩ የሚታየው የተለመደ ታሪክ የሚከተለው ነው። ትጉህ ሰው ይመጣል፤ ኳስ ያመጣል፤ ማልያ ያድላል፤ ዳኛውም ገንዘብ ያዡም አስታራቂውም እርሱ ይሆናል። ሊጉ ያምራል። ከዚያም የዝውውር ደብዳቤ ይደርሰውና ይሄዳል። በሁለተኛው ወር ኳሷ ትተነፍሳለች፤ በሦስተኛው ወር ቡድኖቹ ይጣላሉ፤ በዓመቱ የሚቀረው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የሰውየው ትጋት እውነተኛ ነበር፤ ጥፋቱ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ማሳረፉ ነው። ማንም መሐንዲስ ቤት እንደዚህ አይሠራም።

ስለዚህ ጀማሪው መሄዱን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በፕላኑ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት አደራጅ ይሁን፤ በሁለተኛው ዓመት ጸሐፊ ብቻ ይሁን፤ በሦስተኛው ዓመት ተመልካች ሆኖ ከድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ የቡድን መዋጮ ሆኖ በሦስት ሰው እጅ ይያዝ። ኮንክሪት እንኳ ሲፈተን በሰባተኛውና በሃያ ስምንተኛው ቀን ይጨመቃል፤ ሊግም ፈተና ያስፈልገዋል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ውድድር መካከል ጀማሪው ለማንም ሳይናገር አንድ ቀን ከሜዳው ይቅር። በማግሥቱ ሄዶ «ትናንት ማን አሸነፈ?» ብሎ ይጠይቅ። «አንተ ስላልመጣህ አልተጫወትንም» ካሉት ሥራው ገና አልተጀመረም። ውጤቱን ከነገሩትና የዳኛውን ስሕተት እየተነተኑ ከተከራከሩት ግን ቅርጫቱ በትክክል ተሰቅሏል ማለት ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የዚህ ማኅበር አባላት በየዓመቱ ወደ ብዙ ገዋኔዎች ይሄዳሉ። የሚሠሩት መንገድና ቦይ በሰነድ ርክክብ ይደረግበታል፤ ፊርማም ይፈረምበታል። ለኳስ ሜዳ ርክክብ የሚጠይቅ ውል የለም። ነገር ግን በሽቦው ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ የቆመው ልጅ መሐንዲስን የሚያስታውሰው በድልድዩ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ካምፑ በተነሣበት ቀን በተተወለት ምሰሶ ወይም ባዶ በተተወለት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ምሰሶውን ከአጥሩ ውጭ መትከል የአንድ ቀን ሥራና የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ጉዳይ ነው። ሕጉን ከአጥሩ ውጭ ማውጣት ግን ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ መጀመር ያለበትም ካምፑ ሊነሣ ሲል ሳይሆን በተተከለበት ቀን ነው።